የኅዳር ተራዬ

የኔ ዓመት አራት ማዳበሪያ ነው። አንድ ገብስ፣ አንድ ባቄላ፣ አንድ ስንዴ፣ አራተኛው አተር፤ አተሩም ከሞላ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ አባቴ የተወልኝን መሬት የአጎቴ ልጅ በእኩል ያርሰዋል። መንገድ ክፍት ከሆነ ጥር ላይ በአይሱዙ ጭኖ ይልክልኛል፤ መንገድ ከተዘጋ የካቲት ይሆናል፣ ሲብስም መጋቢት። ማዳበሪያዎቹ ከአልጋዬ ራስጌ ይቆማሉ። እያየኋቸው እተኛለሁ፣ እያየኋቸው እነሳለሁ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱ ባዶ ሆነው ተጣጥፈዋል፤ ኅዳር ላይ የቀረው ከታች ያለው ነው፣ እሱም ከነቀዙ ጋር።

ስለ ነቀዝ ብዙ ማለት እችላለሁ። ባቄላው ውስጥ ገብቶ ክብ ቀዳዳውን በስቶ፣ ዱቄቱን እንደ ምራቅ ትፍ ትፍ አድርጎ ይወጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ አንድ በአንድ እለቅም ነበር። አንድ ክረምት ግን ለቅሜ ብጥለው የሚቀረኝ ለሳምንት የማይበቃ ሆነብኝና ነቀዙን ከነባቄላው አስፈጨሁት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ጥቁር ጥቁሩ ነገር ወደ ወፍጮው አፍ ሲገባ እያየሁ አስፈጨሁት። በላሁትም። ይኸው አሁን እንኳ ሳወራው ምላሴ ይኮማተራል።

እኔ ደግሞ ቆሻሻ የማይችል ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ሆቴል ቤት አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ፈረንጅ የተኛበትን፣ ሙሽራ የተኛበትን፣ ሰክሮ ያስታወከ የተኛበትን አጥቤያለሁ። ሰው ከነሱፍ ልብሱ አምሮ በደረጃው ሲወርድ ሌላው ያከብረዋል፤ እኔ ግን አንሶላውን አይቻለሁና አላከብረውም። የአንሶላን ጠርዝ ገልብጬ ስፌቱን በጥፍሬ እያሸሁ ነበር የማጥበው፤ አለቃችን ይህን አይቶ እኔን እያሳየ ሌሎቹን ይቆጣ ነበር። ኋላ ጦርነቱ መጣና ቱሪስቱ ቀረ። ሲመለስ እንጠራችኋለን ብለው አሰናበቱን። እስካሁን እየጠሩን ነው።

ባሌ ቀድሞኝ ሞቷል፣ ልጅ አልሰጠኝም። የምኖረው ቀሐ ወንዝ አጠገብ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ግን አልተወኝም፤ ይህን ካልተናገርኩ ግፍ ነው። ውሃ የሚመጣ ቀን ጀሪካኔን የሚሞላልኝ አለ። መብራቱን ከቤቱ ቀጥሎልኝ የማያስከፍለኝ ጎረቤት አለ። እድሩ ወርሃዊ መዋጮዬን አንስቶልኛል። ድሮ በመዋጮው ፈንታ የእድሩን ዕቃ አጥብላቸው ነበር፤ ለቅሶ ቤት፣ ተዝካር ቤት የዋለውን ድስትና ሳህን ሁሉ። አምና ግን እሱንም፣ ወገብሽን እረፊ፣ ወጣቶቹ ይጠቡት፣ ብለው አስቀሩት። እኔም እንደ ሞኝ፣ ያኑራችሁ፣ አልኩ።

ከሁሉ ግን ፌስታል! የፌስታልን ነገር ያመጣችብኝ፣ እግዜር ይይላትና፣ የግቢያችን ባለ ሱቅ ናት። ዕድሜዋ ከኔ ያንሳል፣ እጇ ሰፊ ነው፣ አፏም እንደ እጇ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ረፋድ ላይ በራፌ ላይ ትቆምና ከቤቷ የተረፈውን በስስ ፌስታል ቋጥራ ታቀብለኛለች። ስፈታው የትናንት እንጀራ ነው፤ ታፍኖ ያላበው፣ ከወጥ ጋር ተለውሶ፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት። አንድ ቀን ፀጉር አገኘሁበት። ሌላ ቀን የእርሳስ ቅርፍት። አሳልፋ ስትሰጠኝ ደግሞ፣ ከመድፋት ብዬ ነው፣ ትላለች። ከፍትፍቱ ፊቱ ይላል ያገሬ ሰው፤ ለኔ የደረሰኝ ግን ፍትፍቱም ፊቱም የሚያቅለሸልሽ ነው።

ምነው አልቀበልም አትይም ትሉኝ ይሆናል። እላለሁ? አልልም። በሁለት እጄ ተቀብዬ ያብዛልሽ እላለሁ። ከዚያ በሬን ዘግቼ እንጀራውን በሳህን ውሃ አጥበዋለሁ። የሰው ወጥ ከእንጀራ ላይ ሲታጠብ የሚወጣውን ውሃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩት። የታጠበውን ቆርቆሮው ላይ አስጥቼ ድርቆሽ አደርገዋለሁ፤ ክረምቱን የሚያወጣኝ እሱ ነው። እየተጠየፍኩ እበላዋለሁ፤ በልቼም ራሴን እጠየፋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታገሠው ለአንዲት ቀን ነው። በወር ሃያ አንድ የምንጠጣው የማርያም ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ነን፤ ማኅበሩ በየወሩ ቤት ለቤት በተራ ይዞራል። ተረኛው ጽዋውን ካለፈው ተረኛ ተቀብሎ ቤቱ ያስቀምጣል፤ ወሩ ሲደርስ ደግሶ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ስንመሠርተው ዕጣ ጣልንና ለኔ ኅዳር ወጣልኝ። ጥርና ሚያዝያ የወጣላቸው ምን ያህል እንደ ቀኑብኝ! ኅዳር ሃያ አንድ ጾም ነውና ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። ሽሮ፣ ዳቦና ጠላ፣ በቃ። ለድሀ ከዚህ የተሻለ ወር የለም።

ዓመቱን ሙሉ የሰው እበላለሁ፤ ኅዳር ሃያ አንድ ሰው የኔን ይበላል። ማርያምን አልዋሽም፣ ሰው ነኝ የምለው በዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ጥር ላይ እህሉ እንደ ገባ፣ አንድ ፍሬ ሳልቀምስ፣ የማኅበሩን አተር ለይቼ በቆርቆሮ ጣሳ እከትና አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ። ለጠላው ገብስ፣ ለዳቦው ስንዴ እንደዚያው። ሐምሌ ላይ አንጀቴ ከጀርባዬ ቢጣበቅ እሱን አልከፍትም። ባለ ሱቋ የምታመጣውን አጥቤ እበላለሁ እንጂ የማኅበሩን አልነካም።

ባለፈው ጥቅምት ታዲያ ማኅበሩ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ቤት ዋለ። ተበልቶ ተጠጥቶ ጽዋው ወደኔ ሊያልፍ ሲል ባለ ሱቋ፣ እሷም ማኅበርተኛ ናት፣ አንድ ነገር ላንሳ ብላ ተነሳች። ስለኔ ነው። እትዬ ደክማለች፣ አለች፤ ያለባትን እናውቃለን፣ ቤቷን ብቻ ትክፈትልን፣ ድግሱን እኛ አዋጥተን እንሙላው፣ ከከርሞ ጀምሮ ደግሞ ከተራ ትውጣና ዝም ብላ እየመጣች ትብላ። ሁሉም በአንገታቸው እሺ እሺ አሉ። ፊታቸው ላይ ያ የማውቀው ርኅራኄ መጣ፤ ሬሳ ፊት እንዳሉ ከንፈራቸውን የሚመጥጡበት።

«ጽዋውን ወዲህ በሉ» አልኩ።

ደገምኩት። ሙሴ የምንለው የማኅበሩ ሹም ድሮ ሸማኔ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያበዙም። እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ የዘንድሮውን ታውጣው አሉ። ካማረላት ተራዋ ተራዋ ነው፤ ካልሆነላት ግን ከርሞ ከተራ ትወጣለች፣ ማንም እንዳይቀየም። እንዲህ ተቆረጠ። ጽዋውን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤት ሄድኩ። በሁሉ ፊት፣ እየመጣች ትብላ፣ ተባልኩ እኮ።

ጠላውን ጠነሰስኩ። አተሩን አውጥቼ፣ አበጥሬ፣ ቆልቼ፣ ከክቼ ሽሮ አስፈጨሁ። ዘይት ለዚያች ቀን ብዬ ከነሐሴ ጀምሮ የያዝኩት አንድ ጠርሙስ ነበረኝ። ለአሥራ ሦስት ሰው የሚበቃ ድስት ግን የለኝም። ባለ ሱቋ የኔን ውሰጂ ብላ ነበር፤ የሷን ድስት ወስጄ የዓመት ወሬ ከምሰማ እሾህ ብረግጥ ይሻለኛል። የእድሩን ትልቁን ብረት ድስት ከነክዳኑ ተሸክሜ መጣሁ። ጠባቂው ንጹሕ ነው አለኝ። ንጹሕ! እጄን ውስጡ ሳሳልፈው ጣቴ ይንሸራተታል። ከሥጋ ወጥ በኋላ በለብ ያለ ውሃ ያለቀለቁት፣ ወገብሽን እረፊ ያሉኝ ወጣቶች የእጅ ሥራ ነበር።

በጾም ቀን የፍስክ ዕቃ ቤቴ መግባቱ ራሱ አስጠላኝ። አንድ ቀን ሙሉ በአመድና በአሸዋ ፈተግሁት። ውሃ አፍልቼ ደጋግሜ ደፋሁበት። ቅባቱ ዓይን ዓይን እየሠራ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። እስከ ምሽት ድረስ ድስቱ ፊቴን የሚያሳይ ሆነ፤ ክዳኑንም ላይና ታቹን አሸሁት። ይሁን እንጂ የክዳኑ ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ጣት አይገባም፣ ዓይንም አይደርስም። ሃያ ዓመት ስፌት ገልብጬ ያጠብኩ ሴት፣ ከዚያ እጥፋት ውስጥ ምን እንዳለ አልጠረጠርኩም።

ቀኑ ደረሰ። ከነጋ ጀምሮ ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ሽሮውን ነሰነስኩ፣ ድስቱን ከድኜ ፍሙን ቀነስኩለትና ቤቱን ለማስተካከል ዞር አልኩ። ቅዳሴ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ተመልሼ ክዳኑን ብድግ አደረግሁ።

ሽታው ቀደመኝ። ቅቤ። ያውም የከረመ፣ ኮረሪማ የገባበት፣ ሥጋ ያለፈበት ቅቤ። ሽሮው ላይ ዙሪያውን ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ ተኝቶበታል። ክዳኑን ገለበጥኩት፤ በእንፋሎቱ ሞቆ ከእጥፋቱ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ቢላዋ ጫፉን አስገብቼ ስፍቅ ጥቁር ቡናማ የሆነ ዝቃጭ ወጣ፣ የበርበሬ ፍሬ ተጣብቆበት። የማን ተዝካር ይሆን? የትኛው ሟች ነው ቤቴ የመጣብኝ? እጄን ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ፣ ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልለቅ አለ።

ሌላ ሽሮ የለም። ከአልጋው ሥር ያለው ጣሳ ባዶ ነው። ማዳበሪያዎቹን አየኋቸው፤ ከታች የቀረ ነቀዝ የበላው ባቄላና ጥቂት ስንዴ፣ ሁለቱም ያልተፈጩ። ብናገር ወጡ ይደፋል፣ ሰው በዳቦና በጠላ ይሸኛል፣ ተራዬም በዚያው ያበቃል። ዝም ብል ደግሞ የማኅበሩን ቄስ ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰው ጾም አስገድፋለሁ። ቆሜ ያሰብኩት ብዙ አይመስለኝም። ማንኪያ አንስቼ ቢጫውን እየቀዳሁ ደፋሁ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ጨመርኩ፣ ቃሪያ ከትፌ ጨመርኩ፣ ዘይቱንም ሳልሰስት ደገምኩበት። እያማሰልኩ ራሴን እሰድበው ነበር፤ አንቺ ቆሻሻ፣ አንቺ ከሀዲ፣ እያልኩ አማሰልኩ።

መጡ። የማኅበሩ አባት፣ የንስሐ አባቴም እሳቸው ናቸው፣ ጸሎቱን አድርሰው ባረኩና መጀመሪያ ቆረሱ። እኔ ቆሜ አፋቸውን አያለሁ። አኘኩ፣ ትንሽ ቆም አሉ፣ ዋጡ። ባለ ሱቋ ጎረሰች፤ መንጋጋዋ ቆመ፣ ዓይኗን ወደኔ አነሳች። አሁን ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም፤ ዋጠችና ጨምሪልኝ አለችኝ። ሙሴም ጨመሩ፤ አስተማሪውም ጨመረ። ሰው ማኅበር ቤት ለይሉኝታ ብሎ ጥቂት ያስተርፋል፤ የዚያን ቀን ግን ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት። ነጭ ሽንኩርቱ ሸፈነልኝ አልኩ በልቤ። እኔ አልጎረስኩም፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ ጠላ ብቻ ጠጣሁ። ጣቶቻቸው ላይ ቅባቱ ሲያብለጨልጭ፣ ከንፈራቸውን ሲልሱ ቆሜ አየሁ። እጅሽን ይባርከው ሲሉኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ጽዋውን ለታኅሣሥ ተረኛ፣ ለባለ ሱቋ፣ አስረከብኩ። ሙሴ ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ ሸጋ ነበር፣ ከእንግዲህ ተራሽን የሚነካብሽ የለም አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ የጓጓሁለት ቃል ይኸው ነበር። ቤቱ ባዶ ሲሆን ግን ድስቱን ደጅ አውጥቼ አጠገቡ አስታወክሁ፤ አንድ ጉርሻ ሳልቀምስ።

ነገሩ ሰላም አልሰጥ አለኝ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅጽሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ሰው አልነበረም። ተንበርክኬ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ።

«አባ፣ ጾም አስገድፌያለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔም በልቻለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገረው አድርገው አስረዱኝ። ገና ሲቀምሱ ቅቤ መሆኑን ዐውቀዋል። ግራ ቀኝ ሲያዩ ሁሉም ዐውቋል። ይህች ምስኪን ዘይት አልቆባት ሰው የሰጣትን ቅቤ ጨመረችበት፣ አሉ በልባቸው። እሳቸው እጃቸውን ቢሰበስቡ ሌላውም ይሰበስባል፣ እኔ በሰው ፊት እዋረዳለሁ። ድሀን ከማሳፈር ጾም መግደፍ ይቀላል ብለው ዋጡት፤ ሌላውም የሳቸውን እጅ አይቶ ዋጠ። ጨምሪልኝ ያሉትም እንዳልጠረጥር ብለው ነው። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነበር፤ አንድ በጎ ነገር የሠራ ሰው ፈገግታ።

ጆሮዬ ጋለ። የመጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

«ዘይት ነበረኝ፣ አባ።»

ምን አልሽ አሉኝ። ዘይት ነበረኝ አልኩ እንደገና፤ ጠርሙሱ ግማሹ አሁንም አለ፤ የክዳኑ ነገር ነው ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና ንስሐ ሰጡኝ፤ ስግደት፣ ጸሎት፣ ጥቂት የጾም ቀን። ከዚያ ትከሻዬን ነክተው፣ በቃ ነገሩን ዝም በይው፣ ተራሽም ጸንቶልሻል፣ ደስ ይበልሽ አሉኝ።

ደስ ይበልሽ! ቀሐን ተሻግሬ ቤቴ እስክደርስ መንገዱን አላየሁትም። ቆሻሻ ብለው ቢሰድቡኝ እችለው ነበር፤ ከሀዲ ቢሉኝም ያው ነኝ። እነሱ ግን አሥራ ሁለት ሆነው ቁጭ ብለው፣ የከረመ የተዝካር ቅቤ እያላመጡ፣ አይ ምስኪን ዘይት እንኳ የላትም እያሉ ዋጡልኝ። አንዱ እንኳ ይህ ምንድን ነው ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አላደረገኝም። ጸንቶልሻል የተባልኩት ተራ የጸናልኝ በምጽዋት ነው። ሙሴ በር ላይ ያሉኝ ቃል፣ ሸጋ ነበር ያሉኝ፣ በፌስታል ተቋጥሮ የተሰጠኝ ሆነ። ደግነት እንዲህ እንደሚያቅለሸልሽ አላውቅም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እህል ወደ አፌ ባመጣሁ ቁጥር የአባ ፈገግታ ይመጣብኝ ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ባለ ሱቋ ቤት ተሰበሰብን። ሶፋዋ ላስቲኩ ያልወለቀ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንጫጫል። ጸሎቱ ደርሶ ገና እህል ሳይነካ ተነሳሁ። አባ በዓይናቸው ተቀመጪ ይሉኛል፤ አልተቀመጥኩም። ተራዬን ይዤ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ተራው ግን እንዲያ ሆኖ ምን ያደርግልኛል?

ኅዳር ላይ የበላችሁት ቅቤ ነው፤ ዐውቃችሁ እንደ በላችሁም ዐውቄያለሁ አልኳቸው። ዘይት ግን ነበረኝ። ያጣሁ መስሏችሁ ነው የበላችሁልኝ፣ አላጣሁም። የእድሩ ድስት ክዳን እጥፋቱ ውስጥ ቅባት ነበረበት፣ አላየሁትም፤ ከመብላታችሁ በፊት ሳየው ደግሞ መናገር ሲገባኝ ተራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የድህነት አይደለም፣ የኔ ነው። እንዲህ ብዬ ቆምኩ።

ሶፋው ተንጫጫ። መጀመሪያ የተናገረችው ባለ ሱቋ ናት፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ታዲያ እኔ ጾሜን የገደፍኩት ለምንድን ነው?»

ከዚያ ሁሉም ተነሳብኝ። አስተማሪው፣ የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ አሁን እንዲያው በከንቱ ሆዳም ሆኜ ቀረሁ አለ። አንዷ ሴት የተዝካር ዝቃጭ አበላሽን ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሌላው፣ እንደሷ ያለ የጽዳት ሰው ይህን ካላየ ማን ያያል፣ ዓይኗ ደክሟል፣ አለ። ሌላዋ፣ ዓይኗስ ደህና ነው፣ ዐውቃ ዝም ማለቷ ነው እንጂ፣ አለች። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ዓመታት ሆኖኝ ነበር ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ሳይሳሳልኝ ሲናገረኝ። ይመራል፤ ግን ይዋጣል።

ሙሴ እጃቸውን አነሱ። ማኅበራችን ሕግ አለው፤ ማኅበሩን ያጎደለ፣ ያረፈደ፣ የቀረ፣ ነገር ያበላሸ አንድ እስር ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ይቀጣል። ሁሉም ተቀጥቶ ያውቃል፤ አስተማሪው ባረፈደ ቁጥር ይቀጣል፣ አባም አንዴ ተቀጥተዋል። እኔ ግን ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሳረፍድም ብቀርም ለሷ ይለፋት ይባላል። ሙሴ የዚያን ቀን ለሷ ይለፋት አላሉም። ጾም አስገድፋለች፣ ዐውቃም ሸሽጋለች፣ ሁለት እስር ጧፍ አሉ።

ቤቱ አጉረመረመ። ባለ ሱቋ እንኳ ያን ያህል ተናድዳ ልቧ አልቻለም፤ እኔ እከፍልላታለሁ፣ ከየት ታመጣለች አለች። ሙሴ ወደሷ አልዞሩም፣ እኔን እያዩ ነው የመለሱላት።

«ራሷ ትክፈል።»

አስተማሪው ኅዳርስ ብሎ ጠየቀ። ሙሴ፣ ኅዳር የሷ ነው፣ ክዳኑን ግን ቀድሜ እኔ አየዋለሁ አሉና ወደ መሶቡ ዞሩ። ባለ ሱቋ ወጥ ስታወጣ ለኔ ሲደርስ ከጭልፋው ጠብ አድርጋ አለፈች፤ ፊቴንም አላየችም፤ ብይ እንጂ፣ አፈር ስሆን የሚል ቃል አልወጣትም። በላሁ።

አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከማዳበሪያው ወለል ላይ የቀረውን ስንዴ ጠራርጌ በጨርቅ ቋጥሬ ገበያ ወረድኩ። ነጋዴው እጁን ሲያስገባ ነቀዝ በጣቱ ላይ ወጣበት፤ ፊቱን አጨማዶ፣ ይህን ለዶሮ ካልሆነ ማን ይገዛዋል አለኝ። ለዶሮ ግዛው አልኩት። ተጨቃጭቀን፣ ተሰዳድበን፣ ገዛኝ። ጥር እስኪመጣ በምን እንደምከርም አላውቅም ነበር፤ መንገዱ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። ሁለቱን እስር ጧፍ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ልብሴን አየ፣ ጧፉን አየ፣ አዘነልኝ መሰለኝ፤ እናቴ፣ ምነው፣ ሳይኖርሽ የምን ስለት ነው ብሎ ጠየቀኝ።

«ስለት አይደለም» አልኩት ጮክ ብዬ፤ «መቀጫ ነው።»